የጣፋጭ አምሮት ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይገራል?

ክብደት ለመቀነስ ለሚሹ ተማሪዎች የቀረበ የጥናት ጽሑፍ

መግቢያ

ይህን ርእስ ለጥናት ያቀረብንበት ምክንያት ግልጽ ነው። እዚህ ካይሮ በትምህርት ላይ ከምንገኘው መካከል ክብደታቸውን ለመቀነስ የሚጥሩ ወንድሞችና እኅቶች ጥቂት አይደሉም። ጥረቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት መንገድ ይከተላል። ቅዳሜ ይማላል፤ እሑድ ቁርስ ይዘለላል፤ ማክሰኞ ምሳ ይቀራል፤ ሐሙስ ማታ ለፈተና ሲያመሹ አንድ ፓኮ ብስኩት እንዳለ ያልቃል። ከዚያ የሚከተለው ኀፍረት ነው፤ ኀፍረቱም ሌላ መሐላ ይወልዳል።

ይህ ጽሑፍ ሊያስረዳ የሚሞክረው አንድ ነገር ነው። የጣፋጭ አምሮት ከሰው ጠባይ መበላሸት የሚመጣ አይደለም። የሚፈጥሩት ተጨባጭ ሁኔታዎች አሉ፤ ዋና ዋናዎቹም የተዘለለ ምግብ፣ ያልተጠገበ እንቅልፍ፣ እንዲሁም ከእጃችን የማይርቅ ስኳር ናቸው። እነዚህ ሁኔታዎች ሳይለወጡ የሚገባ መሐላ ከአንድ ሳምንት አያልፍም። በመሆኑም መታገል የሚገባን ከሁኔታዎቹ ጋር እንጂ ከራሳችን ጋር አይደለም።

አስቀድሞ ሊሰመርበት የሚገባ ነጥብ አለ። ክብደት መቀነስ ለሁሉም አያስፈልግም። ቀጭን ሆኖ ሳለ ይበልጥ ለመክሳት የሚጥር ሰው ጤንነቱን ይጎዳል። ስለዚህ ጥረቱ ከመጀመሩ በፊት በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ተመዝኖ ሐኪም ማማከር ይገባል።

1. ረኃብና አምሮት

ረኃብና አምሮት አንድ አይደሉም። ረኃብ ቀስ እያለ ይመጣል፤ የቀረበለትንም ሁሉ ይቀበላል። አምሮት ግን ድንገት ይነሣል፤ የሚፈልገውንም በስሙ ይጠራል፤ ባስቡሳ፣ ቸኮሌት፣ ጣፋጭ ሻይ እያለ። ሁለቱን ለመለየት አንድ ቀላል ጥያቄ ይበቃል፤ «አሁን ምስር ወጥና ዳቦ ቢቀርብልኝ እበላለሁ ወይ?» መልሱ «አዎን» ከሆነ ሰውየው ርቦታል፤ መብላት አለበት። «አይ፥ ባስቡሳውን ነው» ከሆነ ግን አምሮት ነው፤ አምሮት ደግሞ ካልተመገበም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይበርዳል። ብዙ ጊዜ አምሮት የምንለው ግን ጠዋት ያልተመለሰለት ረኃብ ነው።

2. አምሮትን የሚፈጥሩ ሁኔታዎች

ሀ/ የተዘለለ ምግብ። በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ዓ.ም. አንሴል ኪስ የተባሉ ተመራማሪ አንድ የታወቀ ጥናት አካሄዱ። 36 ጤናማ ወጣቶች በገዛ ፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት ምግባቸው በግማሽ ያህል ተቀነሰባቸው። ክብደታቸው በአንድ አራተኛ ገደማ ወረደ። ለእኛ ጥናት የሚጠቅመው ግን በአእምሯቸው ላይ የደረሰው ነው። ቀን ስለ ምግብ ያወራሉ፤ ሌሊት ምግብ ያልማሉ፤ የወጥ አሠራር መጻሕፍት ያገላብጣሉ። ቡናና ማስቲካ ከማብዛታቸው የተነሣ ገደብ እስከ ማበጀት ተደረሰ። ጥናቱ አብቅቶ እንደ ልብ መብላት ሲፈቀድላቸውም አንዳንዶቹ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ አልጠግብ አሉ። እነዚህ ሰዎች ጤናማና በገዛ ፈቃዳቸው የገቡ ናቸው። ታዲያ የእነርሱን ሐሳብ የያዘ ረኃብ ቁርስና ምሳ ዘሎ ማታ በብስኩት ፊት የተቀመጠን ተማሪ እንዴት ይተወዋል?

ለ/ የእንቅልፍ እጦት። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 12 ጤናማ ወጣት ወንዶችን መርምሯል። አንድ ጊዜ ለሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለሁለት ሌሊት 10 ሰዓት በአልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። እንቅልፍ ባጡ ጊዜ ረኃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በ28 በመቶ ከፍ አለ፤ የጥጋብን ምልክት የሚሰጠው ሌፕቲን ደግሞ በ18 በመቶ ዝቅ አለ። ፍላጎታቸውም ይበልጡን ያዘነበለው ወደ ጣፋጭና ወደ ሌላ ከባድ ምግብ ነበር። የፈተና ሰሞን ጣፋጭ የሚያምረን ያለ ምክንያት አይደለም።

ሐ/ ልማድና ቅርበት። አእምሮ የተደጋገመውን ያጣምራል። በየማታው ከመጽሐፉ ጋር ጣፋጭ የቀረበለት ሰው ከጊዜ በኋላ መጽሐፉን ሲከፍት ብቻ ምራቁ ይሞላል። በዚህ ከተማ ደግሞ ስኳር የሌለበት መንገድ ጥቂት ነው። በየማእዘኑ የሸንኮራ ጭማቂ ይጨመቃል፤ የኩናፋው መደብር እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው፤ ሻይ ከነስኳሩ ይመጣል። በዚህ ላይ የራሳችን ባህል ይታከልበታል። በእኛ ዘንድ እንግዳን ማክበር በ«በሞቴ» ነው። ቡና ሲፈላ «ኧረ አንዲት ማንኪያ ጨምሪ፤ አፈር ስሆን!» የምትል እኅት ፍቅሯን መግለጧ እንጂ ክፉ ማሰቧ አይደለም፤ ሆኖም ስኳሩ ያው ስኳር ነው። ቤተሰብም በስልክ ፊታችንን ሲያይ «ከሳህ፤ ምን ሆነህ?» ይላል፤ «ወፈርህ፤ አማረብህ» ደግሞ ምርቃት ነው። ክብደት የሚቀንስ ሰው ይህን ሁሉ ተሸክሞ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

መ/ ጾምና ፍስክ። በሁዳዴም ሆነ በሌሎች አጽዋማት ጊዜ «ሲያሚ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብስኩት፣ ሐላዋና ቸኮሌት በየሱቁ ይሸጣል። ጽሑፉ የሚናገረው ከእንስሳት የተገኘ ነገር እንደሌለበት ብቻ ነው፤ ስለ ስኳሩ የሚለው የለም። ሽሮውና ምስሩ ቀርቶ ዳቦ በማርማላታ የጾም ምግብ ከሆነ ጾመኛው በጾም ይወፍራል። በረመዳንም ቢሆን ተመሳሳይ ነው። ጾምን በተምር መፍታት መልካም ልማድ ነው። ክብደቱ የሚጨምረው ከተምሩ በኋላ ቀመረዲኑ፣ ከቀመረዲኑ በኋላ ቀታይፉ፣ ከቀታይፉም በኋላ ኩናፋው ሲከታተል ነው።

3. ሒሳቡ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት ነጻ ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። «ነጻ ስኳር» ስንል በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረውን ስኳር፣ እንዲሁም በማር፣ በሽሮፕና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለውን ማለታችን ነው። በሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለው በዚህ አይቆጠርም። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 10 በመቶው 50 ግራም፣ ማለትም 12 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ 5 በመቶው 25 ግራም፣ 6 ማንኪያ ያህል ነው።

አሁን አንድ ተማሪ በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል እንበል። ይህ 12 ማንኪያ ነው፤ ገደቡ በሻይ ብቻ አለቀ ማለት ነው። አንድ ጣሳ ኮላ፣ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዘው፣ 35 ግራም ያህል ስኳር አለበት፤ ይህም 9 ማንኪያ ገደማ ነው። ሲደመር 21 ማንኪያ፣ ከ330 ካሎሪ በላይ ይሆናል። አቦል፣ ቶናና በረካው በሁለት ሁለት ማንኪያ የተጠጣ ዕለት ደግሞ 6 ማንኪያ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሽ ስኳር እንደ ምግብ አያጠግብም። ተማሪው የቀነሰው ግን ፉሉንና እንቁላሉን ነው!

4. መስተካከል ያለባቸው አስተሳሰቦች

«አእምሮ ስኳር ስለሚፈልግ ለጥናት ጣፋጭ ያስፈልጋል» የሚል አነጋገር አለ። አእምሮ በዋነኛነት በግሉኮስ እንደሚሠራ እውነት ነው። ሆኖም ሰውነት ግሉኮስን ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከባቄላ ራሱ ያዘጋጃል፤ ጉበትም በምግብና በምግብ መካከል ወደ ደም ይለቃል። አእምሮ ባስቡሳ አይጠይቅም።

ሁለተኛው «ማር ስኳር አይደለም» የሚለው ነው። ማር ክቡር ምግብ ቢሆንም ለክብደት ሒሳብ ያው ነጻ ስኳር ነው።

ሦስተኛው በሰው ሠራሽ ማጣፈጫ መተማመን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ዓ.ም. ክብደትን ለመቆጣጠር ሲባል እነዚህን ማጣፈጫዎች መጠቀምን አልመከረም፤ መመሪያው የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም። ምላስ ጣዕሙን ካልለወጠ ፍላጎቱ እንዳለ ይቆያል።

አራተኛው ከስያሜ የመጣ ነው። በሽታውን «ስኳር» ብለን ስለምንጠራው ስኳር የበላ ሁሉ የሚታመም፣ ያልበላም የሚድን ይመስለናል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የዘር ውርስ፣ የክብደት መጨመርና የእንቅስቃሴ ማነስ ተደማምረው የሚያመጡት ነው። ብዙ ስኳር፣ በተለይም በመጠጥ፣ ክብደትን በመጨመር ያግዘዋል። በዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. የ2021 ዓ.ም. ዘገባ መሠረት የምንኖርባት ግብፅ ሕመምተኞች ከበዙባቸው 10 ሀገሮች አንዷ ነበረች። የምንለምደው አመጋገብ የሚያደርሰውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም።

5. ምን ይደረግ?

ሀ/ ቁርስ ይበላ። የዚህ ሀገር ፉል ርካሽ፣ ፕሮቲንና አሰር ያለው፣ ለረጅም ሰዓት የሚያቆይ ምግብ ነው። ዘይቱን ቀነስ፣ ሎሚና ከሙን ጨመር አድርጎ፣ ከእንቁላል ወይም ከቀሪሽ አይብ ጋር መብላት የማታውን አምሮት ገና ከጠዋቱ ይቀንሰዋል። መቀነስ ያለበት ስኳሩና የተጠበሰው ነው እንጂ ዋናው ማዕድ አይደለም።

ለ/ በደረጃ ይቀነስ። የካይሮ ቡና ቤቶች ለዚህ የተዘጋጀ መሰላል አላቸው። ቡና «ዝያዳ» ከተባለ ስኳሩ የበዛ፣ «መዝቡጥ» መካከለኛ፣ «አሪሓ» ጥቂት፣ «ሳዳ» ምንም የሌለበት ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ደረጃ መውረድ ይቻላል። ሻይ ሲታዘዝ «ሱከር ባራ» ቢባል ስኳሩ ለብቻው ይመጣል፤ ማንኪያውም በእጃችን ይሆናል። ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ የወረደ፣ አራት ሻይ የሚጠጣ ሰው በቀን 8 ማንኪያ፣ ወደ 130 ካሎሪ ይቀንሳል። ምላስም ይለመዳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ለሦስት ወር ስኳር የቀነሱ ሰዎች ያው ምግብ ከቀድሞው ይበልጥ ጣፋጭ ሆኖ ተሰምቷቸዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሐ/ ቅርበቱ ይቋረጥ። ብስኩት በጥናት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። ጣፋጭ የፈለገ ሰው ለብሶ፣ ደረጃ ወርዶ፣ አንዲት ቁራጭ ገዝቶ፣ እዚያው ከጓደኛው ጋር ይብላ። ፈጽሞ መከልከል አምሮትን ያከርራል፤ በፓኮ ገዝቶ ማስቀመጥ ደግሞ ያሸንፋል።

መ/ አምሮት ሲነሣ ይራመዱ። በእንግሊዝ ሀገር የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. እንዳሳዩት፣ 15 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ቸኮሌት የሚያዘወትሩ ሰዎችን አምሮት ይቀንሳል። የዓባይ ዳር ለዚህ የተመቸ ነው።

ሠ/ እንቅልፍ ይከበር። ሌሊቱን ሙሉ በጣፋጭ ሻይ ነቅቶ ማጥናት ከትምህርቱም ከጤናውም ያጎድላል።

ረ/ በጋራ ይሠራ። ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ነው። በአንድ ዶርም የሚኖሩ ልጆች በጋራ ምስር ወይም ሽሮ ቢሠሩ ማንም ምሳውን በብስኩት አይለውጥም። ቡና ሲፈላ ስኳር በስኒው ውስጥ አስቀድሞ መጨመሩ ቀርቶ በሳሕን ይቅረብ። ሊቀንስ የወሰነን ሰው «በሞቴ» ማለት ይቅር። ስለ ሰው ሰውነት መቀለድም ይቅር፤ ቀልድ ሰውን ያሸማቅቃል እንጂ አያከሳም፤ የተሸማቀቀ ደግሞ ተደብቆ ይበላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

6. ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

ውኃ ጥሙ የበረታበት፣ ሽንቱ የተመላለሰበት፣ ሳይፈልግ የከሳ ሰው ሳይውል ሳያድር ደሙን ይመርመር። ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ወገናችን አመጋገቡን ያለ ሐኪም ምክር አይለውጥ፤ ስኳሩ ከመጠን በላይ ወርዶ ለአደጋ ይዳርገዋል። ራሱን መግታት አቅቶት ደጋግሞ ብዙ የሚበላ፣ ወይም ከበላ በኋላ ሆን ብሎ የሚያስመልስ ሰው ደግሞ ሕክምና የሚገባው ሕመም አለበት። ሊወቀስ አይገባም፤ እጁን ይዞ ወደ ክሊኒክ የሚወስደው ጓደኛ ያስፈልገዋል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከተው የማታው አምሮት የሚወለደው ጠዋት በተዘለለው ቁርስ፣ ትናንት በታጣው እንቅልፍና በጠረጴዛው ላይ በተቀመጠው ፓኮ ነው። በላ ብለን ሰውን ከመውቀሳችን በፊት ቁርሱን በልቷል ወይ ብለን እንጠይቅ። ውጤቱ በሳምንት አይታይም፤ ሳይዘሉ እየበሉ፣ ስኳሩን በደረጃ እየቀነሱ፣ እየተራመዱ የሚሄዱበት ነው። አንድ ቀን ቢሳሳቱ ደግሞ ቅጣት የለውም፤ በማግሥቱ ቁርስ ይበላል፤ መንገዱ ይቀጥላል።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በየዶርማችን በአንድ ሳምንት ስንት ኪሎ ስኳር ያልቃል? ለስንት ሰው?
2. ምግብ የሚዘለለው በገንዘብ እጥረት ነው፣ በጊዜ እጥረት ወይስ ክብደት ለመቀነስ ተብሎ? ለእያንዳንዱ መፍትሔው ምንድን ነው?
3. የቡና ሥርዓታችንን ወግና ፍቅር ሳናጎድል ስኳሩን እንዴት መቀነስ እንችላለን?