በሰው በኩል የተገኘ ሥራ
(የጥናት ትምህርት)

የሚነበብ፦ ዘፍጥረት 40፥14-23፤ የሐዋርያት ሥራ 18፥1-3 እና 24-28



ባሕር ዳር ውስጥ «ፔዳ» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ከተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። አካዳሚው ኋላ ከፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከዚህ ግቢ የወጡ መምህራን በአገሩ ሁሉ ተሠማርተው አስተምረዋል። ዛሬ ግን በአካባቢው ከምናገለግላቸው ቤተሰቦች ጋር ስንቀመጥ ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ «የት ተመደበ?» የሚለው ሳይሆን «ውጭ አገር ማን አላችሁ?» የሚለው ነው። አንዲት ልጅ ቤይሩት ወይም ሪያድ ከገባች ብዙ ሳይቆይ ታናሽ እኅቷ፣ ከዚያም የጎረቤት ልጅ ትከተላለች። እንግዲህ በሰው በኩል ሥራ ስለ ማግኘትና ለሌላው በተራ ስለ መድረስ በሦስት ክፍል እናጥና።

1. በሰው በኩል ሥራ ማግኘት ነውር አይደለም

ጳውሎስ ቆሮንቶስ ሲገባ እንግዳ ነበር። በዚያም አቂላንና ጵርስቅላን አገኘ። እነርሱም ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮሜ ስላስወጣ ከኢጣልያ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ሥራቸው አንድ፣ ይኸውም ድንኳን መስፋት ስለ ነበረ በቤታቸው ተቀምጦ አብሮአቸው ሠራ። ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ያስጠጉት ሰዎች ራሳቸው ከቤታቸው የተፈናቀሉ ነበሩ፤ እስኪደላቸው አልጠበቁም። ሁለተኛ፣ ጳውሎስ ሙያውን ያውቅ ነበር። ትውውቅ በር ይከፍታል እንጂ የእጅን ሙያ አይተካም።

2. ያገኘ ሰው አይርሳ

የጠጅ አሳላፊዎች አለቃ ከእስር ወጥቶ ወደ ሹመቱ ሲመለስ ዮሴፍን ረሳው። ዮሴፍም ሁለት ዓመት ሙሉ ቆየ። ሰውዬው ክፉ እንደ ነበረ አልተጻፈም፤ የራሱ ነገር ስለ ተቃናለት ብቻ ረሳ። እኛም እንደዚሁ ነን። ዕዳ ይከፈላል፣ ለወላጆች ቆርቆሮ ቤት ይሠራል፣ ከዚያም ትናንት በር የከፈተልን ሰው ይዘነጋል፤ በር የሚጠብቀውም እንዲሁ። መርዳት ሁልጊዜ ገንዘብ መስጠት አይደለም። ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ፣ የዕረፍት ቀን መኖር አለመኖሩን፣ ፓስፖርት በማን እጅ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ መንገር ራሱ ትልቅ ርዳታ ነው።

3. ምስክርነታችን እውነት ይሁን

አጵሎስ ወደ አካይያ ሊሄድ ሲፈልግ ወንድሞች እንዲቀበሉት ጻፉለት። ከዚያ በፊት ግን ጵርስቅላና አቂላ ሲናገር ሰምተውት፣ ወደ ቤታቸው ወስደው አስተምረውት ነበር። የተጻፈው ስለማይታወቅ ሰው አልነበረም።

በዓረብ አገሮች ከፋላ በሚባለው አሠራር የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። አንዳንድ አገሮች ያሻሻሉት ቢሆንም፣ አሠሪዋን ጥላ የወጣች ሴት ብዙ ጊዜ ሕገወጥ ተብላ ትያዛለች። ስለዚህ «ጥሩ ቤት ነው» ብሎ የሚመሰክር ሰው የሌላዋን ሕይወት በቃሉ ላይ ያስቀምጣል። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ደላላ የምንለውም ሁልጊዜ ባዕድ አይደለም፤ የአክስት ልጅ ወይም የሰፈር ሰው ሊሆን ይችላል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 በራሱ ጥረት ሥራ ያገኘ ሰው በሚኒስቴሩ ፈቃድ በቀጥታ እንዲቀጠር በር ከፍቷል፤ የቤት ሠራተኝነትን ግን ከዚህ አስቀርቷል። የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪም በአሠሪው ላይ እንዲሆን ደንግጓል። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. ስለ ተሻሻለ፣ ከመነሳት በፊት በአቅራቢያ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። ዘመድ ቢጠራም ውሉ ይነበብ።

አንዲት የምናውቃት እኅት ከቤይሩት ወደ አባቷ እንዲህ ስትል ላከች፦ «አባዬ፣ ታናሼን አትላኳት። እኔ ያለሁበትን ቤት እርሷ አትችለውም። የስፌት ትምህርቷን እኔ እከፍላለሁ።» ዘመድ ሁሉ ተቆጣ፤ «እንዳትበልጣት ቀንታ ነው» ያሉም ነበሩ። አባትየው ግን ልጁን አመነ። ታናሺቱ ዛሬ በሰፈሯ ትሰፋለች፤ ገቢዋ ትንሽ ነው። ታላቂቱ ገና አልተመለሰችም።

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ይባላል። መድኃኒት ግን ያለ መጠኑና ለማይስማማው ሲሰጥ እንደሚጎዳ ሁላችን እናውቃለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

ሀ. አቂላና ጵርስቅላ ለጳውሎስ ያደረጉትን እኛ ከተማችን ለገባ እንግዳ እንዴት ልናደርግ እንችላለን?

ለ. በመካከላችን በሰው በኩል ሥራ ያገኘ ማን ነው? በር የከፈተለትንስ ያስታውሳልን?

ሐ. ከቤይሩት የላከችው እኅት ለታናሿ በር ዘጋች ወይስ ከፈተች? አባትየው ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

መ. በማኅበራችሁ ውጭ አገር ያለ ሰው ካለ፣ በዚህ ሳምንት ደውላችሁ ገንዘብ ሳትጠይቁ «እንዴት ነሽ፣ እንዴት ነህ?» በሉ። የሰማችሁትን በጸሎት አስቡ።

ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።