የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ለውጥ፤ የሰበካ ጉባኤያት ሊያውቁት የሚገባ

በብዙ አጥቢያዎችና ወረዳዎች ያለው መኪና አንድ ብቻ ነው። ያው መኪና ችግኝ ያመላልሳል፣ ሲሚንቶ ይጭናል፣ ካህናትን ወደ ገጠር ያደርሳል፣ ሲያስፈልግም ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። ስለዚህ የመኪናው ደኅንነት ለሹፌሩና ለመካኒኩ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የዚህ ትምህርት ዓላማ ሁላችንን መካኒክ ማድረግ ሳይሆን፣ ኮሚቴው የሚወስነውን አውቆ እንዲወስን መርዳት ነው።

በአንድ የመስክ ጉዞ ከኋላ በኩል የማያቋርጥ ጉርምርምታ ሰማን። «የጎማው ጥርስ ነው» ተባብለን ጉዞውን ቀጠልን። ለዕረፍት ስንቆም የቀኙ ጎማ መሐል እጅ የማያስጠጋ ሙቀት ነበረው። ቁልቁለቱ ገና ከፊታችን ነበር። ጭነቱን አውርደን እዚያው መካኒክ አስጠራን፤ ሲፈታም ኩሽኔታው ተፈረካክሶ ተገኘ። ምልክቱን ሰምተን ነበር፤ ትርጉሙን ግን አላወቅንም።

ኩሽኔታ ምንድን ነው?

ልጆች ከእንጨት ለሚሠሩት መንሸራተቻ እግር የሚያደርጉት የብረት ቀለበት አሮጌ ኩሽኔታ ነው። በሁለት ቀለበቶች መካከል የሚንከባለሉ የብረት እንክብሎች ወይም ዘንጎች አሉት፤ ግራሶ ያለሰልሳቸዋል። የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ ጎማው ያለ ብዙ ሰበቃ እንዲዞር ያደርጋል። ጠላቶቹ ውኃ፣ አቧራ፣ የደረቀ ግራሶና ከመጠን ያለፈ ጭነት ናቸው። ወንዝ የሚሻገር መኪና ጎሚኒው ካረጀ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባበታል።

ምልክቶቹ

ጉርምርምታው ከፍጥነት ጋር ይጨምራል። የጎማ ጥርስ ድምፅ ከአስፋልት ወደ ጠጠር መንገድ ሲገባ ይለወጣል፤ የኩሽኔታ ድምፅ ግን በሁለቱም መንገድ አይጠፋም። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል፣ ያን ጊዜ ድምፁ ከበረታ የቀኙ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ከጉዞ በኋላ ከሌላኛው ጎማ ይልቅ የሞቀ ካለም መመርመር አለበት፤ የተያዘ ፍሬንም እንዲህ ያሞቃልና። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ልል ከሆነ፣ ወይም በእጅ ሲዞር ከተንኮሻኮሸ፣ ጥርጣሬው ይጸናል።

አሠራሩ

ለምሳሌ በገጠር አገልግሎት የተለመደውን፣ የኋላ ፍሬኑ ታምቡር የሆነውን ባለ 70 ተከታታይ ቶዮታ ላንድክሩዘር እንውሰድ።

1. መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ የፊት ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዳሉ። የጎማው ዳዶዎች ጥቂት ከላሉ በኋላ መኪናው በክሪክ ይነሣና በጽኑ መቆሚያ ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም ሊገባ አይገባም።

2. የእጅ ፍሬኑ ተለቆ ጎማውና የፍሬኑ ታምቡር ይወጣሉ። በመሐል ያሉት ዳዶዎች ተፈትተው የአክስሉ ዘንግ ይሳባል። የሚፈሰውን ዘይት የሚቀበል ዕቃ ከሥር ይቀመጣል።

3. የማስተካከያው ዳዶ ከነመቆለፊያው ተፈትቶ፣ የጎማው ማዕከል ከውጭውና ከውስጡ ኩሽኔታ ጋር ይወጣል።

4. ሁሉም ታጥቦ ይመረመራል። የተቦረቦረ ወይም በሙቀት የጠቆረ ኩሽኔታ አያገለግልም። በማዕከሉ ውስጥ የተጣበቁት የውጭ ቀለበቶችም አብረው ይለወጣሉ፤ በአሮጌ ቀለበት ላይ አዲስ ኩሽኔታ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ብረት ራሱ ከተጎዳ አዲሱም አይበረክትም።

5. ለጎማ ኩሽኔታ የተዘጋጀ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ በዘንጎቹ መካከል በእጅ ይሞላል። ጎሚኒዎቹ አዲስ ይሆናሉ። ያረጀ ጎሚኒ ዘይት አሳልፎ ፍሬኑን ያበላሻልና።

6. ማዕከሉ እየተሽከረከረ ዳዶው ይጠብቃል፤ ከዚያ ይላላና በአምራቹ መመሪያ ልክ ተስተካክሎ ይቆለፋል። ከልኩ በላይ ከጠበቀ ያቃጥላል፤ ከላላም ጎማው ይወላገዳል።

7. ዘንጉ፣ ታምቡሩና ጎማው ይመለሳሉ። የጎደለው የዲፈረንሻል ዘይት ይሞላል። ፍሬኑም ይፈተሻል። ከአጭር ሙከራ በኋላ ሙቀቱ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላም የጎማው ዳዶዎች ጥብቀት እንደገና ይታያል።

ሁሉም መኪና እንዲህ አይደለም። እንደ ሂሉክስ ባሉት ኩሽኔታው በአክስሉ ዘንግ ላይ በኃይል የተገጠመ ስለሆነ በመጭመቂያ ማሽን እንጂ በመዶሻ አይለወጥም። በብዙ አነስተኛ መኪናዎች ደግሞ ከነማዕከሉ ተለውጦ አንድ ሙሉ ዕቃ ይገባል።

የኮሚቴው ድርሻ

ኮሚቴው የወጣውን አሮጌ ዕቃ ይረከብ፤ በቀለበቱ ላይ የተጻፈውንም ቁጥር ከአዲሱ ጋር ያስተያይ። ቀኑና የተነዳው ኪሎ ሜትር በመዝገብ ይስፈር። ሌላኛው ጎማም እንዲታይ ይጠይቅ። ከሁሉም በላይ፣ ሹፌሩ «ድምፅ ሰምቻለሁ» ሲል «ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን» አንበል። በዓሉ የሚያሳፍረን መኪና ያው ነውና።

ለውይይት

1. የመኪናችን ኩሽኔታ መጨረሻ የታየው መቼ ነው? የት ተመዝግቧል?
2. ሹፌሩ ጉዞ ይቅር ቢል ቃሉ ይሰማልን?
3. ለአስቸኳይ ጥገና የተለየ በጀት አለን?