መሬትን በኮረንቲ መመርመር፦ መሣሪያው ውኃውን ያየዋል?

የኦምን ሕግ ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ተምረነዋል። ቮልቴጁን ለኮረንቲው ስናካፍል ተቃውሞው ይገኛል፤ ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖል፣ በቃ። ይኸው ሕግ ሜዳ ወጥቶ የከርሰ ምድር ውኃ ለመፈለግ እንደሚያገለግል ግን እምብዛም አልተነገረንም። ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ገጠር ስንመደብ ለጉድጓድ ጥናት የመጡ ባለሙያዎች ካስማ ተክለው ሽቦ ሲዘረጉ እናይ ይሆናል፤ የአገሬው ሰው ደግሞ «መምህር፣ ውኃውን አዩት እንዴ?» ብሎ የሚጠይቀው እኛን ነው።

አላዩትም። መሣሪያው የሚለካው መሬቱ ኮረንቲን ምን ያህል እንደሚቃወም ብቻ ነው። የሽቦ ተቃውሞ በርዝመቱና በውፍረቱ ይለያያል፤ ሬዚስቲቪቲ የሚባለው ግን የቁሱ የራሱ ጠባይ ነው፤ የሚለካውም በኦም-ሜትር ነው። አለት በአብዛኛው ኮረንቲ አያስተላልፍም። የሚያስተላልፈው በቀዳዳውና በስንጥቁ ውስጥ ያለው ውኃ፣ ይልቁንም በውኃው ውስጥ የሟሟው ጨው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አራት የብረት ካስማዎች በአንድ መስመር ይተከላሉ። በዳርና ዳር ካስማዎች ኮረንቲ ወደ መሬት ይላካል፤ በመሐለኞቹ ቮልቴጅ ይለካል። ታዲያ ሁለት ካስማ ለምን አይበቃም? ካስማውና ደረቁ አፈር በሚነካኩበት ቦታ ትልቅ ተቃውሞ ስላለ የምንለካው እሱን ይሆን ነበር። በመሐለኞቹ ካስማዎች የሚያልፈው ኮረንቲ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ይህ ችግር ይቀራል። ፈረንሳዊው ኮንራድ ሽሉምበርዤ በ1912 እ.ኤ.አ. በኖርማንዲ መሬትን በኮረንቲ መሞከር የጀመረው ማዕድን ለመፈለግ ነበር። በ1915 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ፍራንክ ዌነር አራቱን ካስማዎች በእኩል ርቀት የመትከልን ዘዴ አሳተመ። የእሱ ቀመር ለክፍል ይመቻል፦ 2 ጊዜ ፓይ ጊዜ በካስማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ጊዜ ተቃውሞው።

ለምሳሌ ያህል ርቀቱ 10 ሜትር፣ ኮረንቲው 0.1 አምፔር፣ ቮልቴጁ 0.5 ቮልት ነው እንበል። ተቃውሞው 5 ኦም ነው፤ 2 × 3.14 × 10 × 5 = 314 ኦም-ሜትር። አሁን መሐሉን ሳንለቅ ካስማዎቹን በ40 ሜትር እናራርቅ። ኮረንቲው ጠልቆ ይሄዳል። ቮልቴጁ 0.02 ከሆነ ተቃውሞው 0.2 ኦም፣ ውጤቱም 50 ገደማ ይሆናል። ከታች ኮረንቲ በቀላሉ የሚያልፍበት ነገር አለ ማለት ነው። ቁጥሩ ግን የአንድ ንብርብር ብቻ አይደለም፤ ኮረንቲው ያለፈባቸው ሁሉ ቅልቅል ነው። 40 ሜትር ማራራቅም 40 ሜትር ጥልቀት ማለት አይደለም።

እሺ፣ ያ 50 ምንድን ነው? ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ያልተሰነጠቀ ባዝልት ከሺህ ኦም-ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ተሰነጣጥቆ ውኃ ሲይዝ ቁጥሩ በጣም ይወርዳል። በደጋው አገራችን በሰፊው ያለው አለት ባዝልት ስለሆነ፣ ይህ መልካም ምልክት ይመስላል። ነገር ግን ሸክላ አፈርም ከ1 እስከ 100 ባለው ውስጥ ይውላል። ዋልካ ውኃ ይይዛል እንጂ አይለቅም፤ እዚያ ላይ ጉድጓድ ቢቆፈር ጭቃ እንጂ ውኃ አይቀዳም። በላቫ ንብርብሮች መካከል የተቀበረ የጥንት ሸክላ አፈርም ይገኛል። ጨዋማ ውኃም እንዲሁ ቁጥሩን ያወርደዋል፤ የባሕር ውኃ 0.2 ገደማ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በአካባቢው የተቆፈረ ጉድጓድ ካለ በስንት ሜትር ምን አፈር፣ ምን አለት እንደወጣ መታወቅ አለበት፤ ገደሉና የወንዙ ዳርም የንብርብሩን ቅደም ተከተል ያሳያሉ። የት ምንጭ እንደነበረና መቼ እንደደረቀ የሚያውቁት ደግሞ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ይህን ከሽቦው አናሳንሰውም። መሰርሰሪያው ከመጣ በኋላ ጉድጓዱ ደረቅ ቢወጣ ገንዘቡ አይመለስም፤ እንስራ ተሸካሚዋም ወደ ድሮው መንገዷ ትመለሳለች።

ይህን በክፍል ለማሳየት የፕላስቲክ ሳፋ፣ ደረቅ አሸዋ፣ አራት ምስማር፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪና መለኪያ ይበቃሉ። የግድግዳ ኮረንቲ ግን በፍጹም! መጀመሪያ በደረቁ፣ ቀጥሎ ውኃ ጨምሮ፣ በመጨረሻ አንድ ማንኪያ ጨው በትንሽ ውኃ አሟሙቶ አፍስሶ መለካት ነው። ውኃው እምብዛም ሳይጨምር ኮረንቲው ከፍ ሲል ልጆቹ ራሳቸው «ለምን?» ይላሉ። ምስማሮቹ ኮረንቲ ሲቆይባቸው ንባቡን ስለሚያዛቡት ቶሎ ማንበብና የባትሪውን ጫፎች እያለዋወጡ መድገም ይገባል። የሜዳው መሣሪያም የኮረንቲውን አቅጣጫ የሚቀያይረው ለዚሁ ነው።

በስምጥ ሸለቆ የምንመደብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለብን። እዚያ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውኃ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። አራቱ ካስማዎች ይህን አይለዩም፤ ጉድጓዱ ውኃ ሰጥቶ ሕዝቡ እልል ካለም በኋላ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ መሄድ አለበት።