የቤትዎን ሳይዲንግ ከማስቀየርዎ በፊት

በሲያትልና በአካባቢዋ ቤት የገዙ ባለታክሲዎችና ባለሱቆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ «የቤቴን የውጪ ልባስ፣ ሳይዲንጉን፣ አስቀይሬአለሁ፤ ወጪውን ከሥራዬ ገቢ ላይ መቀነስ እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው። የሚኖሩበት ቤት ከሆነ መልሱ «አይቻልም» ነው። ይሁን እንጂ ደረሰኝ ከያዙ ገንዘቡ ባክኖ አይቀርም።

1ኛ/ ቤቱን ይመርምሩ። ከኦክቶበር እስከ ማርች በሚወርደው ዝናብ መበስበስ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከታችኛው ጣውላና ከመስኮት ዙሪያ ነው። በካቻቢቴ ጫን ሲያደርጉት ከሰመጠ በስብሷል ማለት ነው። ከሲሚንቶ የሚሠራው አዲሱ ሳይዲንግ ራሱ አይበሰብስም፤ ሆኖም ከኋላው ውሃ የሚከለክለው ልባስና የመስኮቱ አናት ቆርቆሮ በትክክል ካልገቡ ግድግዳው ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል።

2ኛ/ ውሉን ያንብቡ። አሮጌው ሲነሣ ከሥሩ የበሰበሰ ኮምፔንሳቶ ሊገኝ ስለሚችል፣ የአንዱ መቀየሪያ ዋጋ አስቀድሞ ይጻፍ። ኮንትራክተሩ በዋሽንግተን ስቴት የሥራና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት መመዝገቡን፣ ቦንድና ኢንሹራንስ ያለው መሆኑን ያጣሩ። እርስዎ ሙሉውን ከፍለውት እርሱ ለዕቃ አቅራቢው ወይም አብሮት ለሠራው ተቋራጭ ካልከፈለ፣ እነርሱ ሥራቸውን ከጨረሱ በ90 ቀን ውስጥ በቤትዎ ላይ ሊን፣ ማለትም የዕዳ መያዣ፣ ማስመዝገብ ይችላሉ። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ከእነርሱ የተፈረመ የሊን መልቀቂያ ይቀበሉ።

3ኛ/ ታክሱ። ሙሉ ሳይዲንግ ማስቀየር የቤቱን የግዢ ዋጋ ከፍ ያደርጋል። ለምሳሌ ባልና ሚስት በ300,000 ዶላር የገዙትን ቤት በ900,000 ሸጡ እንበል። ትርፉ 600,000 ነው። ከአምስቱ ዓመት ቢያንስ ሁለቱን ከኖሩበት 500,000ው ነጻ ሲሆን (ላላገባ ሰው 250,000 ነው) 100,000ው ታክስ ይከፈልበታል። ለሳይዲንግ የወጣውን 27,500 በደረሰኝ ካስረዱ ግን ታክስ የሚከፈልበት ወደ 72,500 ይወርዳል። ቤቱ የሚከራይ ከሆነ ይኸው 27,500 በ27 ዓመት ተኩል ተከፋፍሎ በዓመት 1,000 ዶላር ያህል ከኪራዩ ገቢ ይቀነሳል። ጥቂት ጣውላ ብቻ ከለወጡ ግን እንደ ጥገና ተቆጥሮ በዚያው ዓመት ይቀነሳል።

እንግዲህ «ያለ ደረሰኝ በጥሬ ገንዘብ ከከፈልከኝ እቀንስልሃለሁ» የሚልዎ ቢመጣ፣ የሚቀንስልዎን ብቻ ሳይሆን የሚያሳጣዎትንም ያስሉ። ውሉን፣ ደረሰኙንና የከፈሉበትን ቼክ ቅጂ ቤቱን እስኪሸጡ፣ የሽያጩን ታክስ ካስገቡም በኋላ ቢያንስ 3 ዓመት ያቆዩ። ለዛሬው በዚህ ይብቃን።