መንገድ በሌላቸው መንደሮች ወረርሽኝን መከላከል

ጥያቄ፦ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ትልቅ ሆስፒታል በሌለበት ወረርሽኝን እንዴት ይቋቋማሉ?

መልስ፦ አብዛኛው ነዋሪዋ ኢኑዊት የተባለው ነባር ሕዝብ የሆነባት የካናዳዋ ኑናቩት ግዛት 25 መንደሮች አሏት፤ እነዚህን እርስ በርስም ሆነ ከደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ስለሌለ፣ መንገደኛ የሚገባው በአብዛኛው በአውሮፕላን ነው። የግዛቲቱ መንግሥት ይህንኑ መነጠል እንደ መከላከያ ተጠቅሞ፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 2020 ጀምሮ ነዋሪ ያልሆኑ ሰዎች እንዳይገቡ ከመከልከሉም በላይ፣ ተመላሽ ነዋሪዎች በደቡብ ከተሞች በተዘጋጁ ሆቴሎች 14 ቀን ተለይተው እንዲቆዩ (ኳራንታይን እንዲገቡ) አስገደደ። በዚህም ምክንያት በመንደሮቹ ውስጥ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ የተረጋገጠው በኖቬምበር 2020 ነበር። «የሰሜን ምዕራብ ግዛቶች» በምትባለው አጎራባች ግዛት ደግሞ፣ ቤተሰቦች ከመንደር ርቀው ወደ አደንና ዓሣ ማጥመጃ ሰፈሮች እንዲወጡ መንግሥት በገንዘብ ደገፈ፤ ይህ የአባቶችን ኑሮ ከሕክምና ምክር ጋር ያስማማ፣ ሊመሰገን የሚገባው ውሳኔ ነው።

ሆኖም በሩን መዝጋት ጊዜ ይገዛል እንጂ ቤት አይሠራም፤ የሳንባ ነቀርሳ እስከ ዛሬ ባልጠፋባቸው በእነዚህ መንደሮች ብዙ ቤተሰብ በጠባብ ቤት ተፋፍጎ ስለሚኖር፣ ቫይረሱ አንዴ ከገባ በኋላ ታማሚን ለብቻው የሚያስተኙበት ክፍል ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው።