ጥያቄ የሚመስል ወሬ፦ በምርጫ ሰሞን ስለሚደወል የስልክ «ጥናት»

በጥናት ዘዴ ኮርስ መጠይቅ ስናዘጋጅ ደጋግሞ የተነገረን አንድ ነገር አለ። ጥያቄው ተጠያቂውን ወደ አንድ መልስ መግፋት የለበትም። እኔን የገረመኝ ታዲያ ይኸንን ስህተት ሆነ ብሎ ሥራዬ ብሎ የያዘ ሙያ መኖሩ ነው። አሜሪካኖቹ ፑሽ ፖል ይሉታል። «ገፊ ጥያቄ» ብንለው የሚያስኬድ ይመስለኛል፤ ጥናት ብሎ መጥራቱ ግን ስሙን ማክበር ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምርጫው ሲቃረብ ስልክ ይደወላል። ደዋዩ ለጥናት እንደሆነ ይናገርና ማንን ለመምረጥ እንዳሰቡ ይጠይቃል። የተቀናቃኙን ስም ከጠሩ «እጩው እንዲህ ያለ ነውር እንደፈጸመ ቢያውቁ እሱን የመምረጥ ሐሳብዎ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» ይላል። መልሱን የሚመዘግብ የለም። ቀጣዩ ቁጥር ይደወላል።

እስቲ «ቢያውቁ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። «እንዲህ አድርጓል ቢባል» ቢል ኖሮ ወሬ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ማወቅ የሚቻለው ግን የሆነን ነገር ነው። ስለዚህ አድማጩ ለመመለስ ሲያስብ ክሱን ሳይታወቀው ተቀብሎታል ማለት ነው። ደዋዩን «ዋሸህ» ብንለው ደግሞ «እኔ መቼ አልኩ? የጠየቅኩት እኮ ነው» ይለናል። ይህን ለማየት አንድ የሌለ የተማሪዎች ካውንስል ተወዳዳሪ ፈጥሬ የዶርም ጓደኛዬን «የክበቡን ገንዘብ እንዳጎደለ ብታውቂ ትመርጪው ነበር?» አልኳት። «ወይኔ! ስንት ብር?» አለችኝ። የፈጠራ ነው ብላትም «ያለ ነገርማ አትጠይቂኝም» ብላ ጥቂት ተከራከረችኝ።

ይበልጥ የሚታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2000 በሳውዝ ካሮላይና የሆነው ነው። የሪፐብሊካን ፓርቲ የፕሬዚዳንት እጩውን ለመምረጥ ሲፎካከር ጆን ማኬይን በኒው ሃምፕሻየር ጆርጅ ቡሽን በሰፊ ልዩነት አሸንፎ መጣ። ቀጣዩ ከባድ ፍልሚያ ሳውዝ ካሮላይና ነበር። በዚያ ሰሞን መራጮች ማኬይን ከጋብቻ ውጭ ጥቁር ልጅ እንደወለደ የሚያስመስል ጥያቄ በስልክ እንደተጠየቁ ተዘገበ። ወሬው በበራሪ ወረቀትም ተሠራጨ። እውነቱ ማኬይንና ባለቤቱ ከባንግላዴሽ የሕፃናት ማሳደጊያ ያመጧትን ልጅ በጉዲፈቻ ማሳደጋቸው ነው። ቆዳዋ ጠየም ያለች ልጅ ከአባቷ ጎን መታየቷ ለወሬው በቂ ሆነ። በስፓርታንበርግ በተደረገ ስብሰባ ደግሞ አንዲት እናት ተነሥታ የ14 ዓመት ልጇ ስልክ አንሥቶ የሚያደንቀው ማኬይን አታላይና ውሸታም እንደሆነ እንደተነገረው ተናገረች። የቡሽ ዘመቻ እጄ የለበትም ሲል አስተባበለ። ፌብሩዋሪ 19 ቀን ቡሽ 53 በመቶ፣ ማኬይን 42 በመቶ ድምፅ አገኙ። ከስልኮቹ ጀርባ ማን እንደነበረ በማስረጃ ሳይረጋገጥ ቀረ። ውጤቱን ስልኮቹ ብቻ ለወጡት ማለትም አይቻልም፤ ቡሽ በዚያ ግዛት የፓርቲው ሹማምንት ድጋፍ ነበረው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። ስለ እጩ መጥፎ ነገር የሚጠይቅ ስልክ ሁሉ ገፊ ጥያቄ አይደለም። የዘመቻ ቡድኖች የትኛው ትችት መራጩን እንደሚነካ ለማወቅ ትክክለኛ ጥናት ያስጠናሉ። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። ትክክለኛው ጥናት በጥቂት መቶዎች ወይም አንድ ሺህ ገደማ ሰዎች ናሙና ይበቃዋል፤ ብዙ ጥያቄ አለው፤ ዕድሜና የትምህርት ደረጃ ይጠይቃል፤ መልሱም ይመዘገባል። ገፊው ጥያቄ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ይዞ ለብዙ ሺህ ሰው ይደውላል። ለምን ቢባል፣ አጥኚ ሺዎችን መጨመር ወጪ ይሆንበታል፤ ወሬ ለሚያዳርስ ግን ሥራው ራሱ እሱ ነው። የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ማኅበርም ድርጊቱን አውግዞ ከጥናት እንደማይቆጠር አስታውቋል። ኒው ሃምፕሻየር ደግሞ ደዋዩ በማን ስም እንደሚደውል እንዲናገር የሚያስገድድ ሕግ አላት።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከሁሉ የሚከብደው አዘጋገቡ ይመስለኛል። ዝም ካልን ወሬው በስልክ መንገዱን ይቀጥላል። «እጩው ዲቃላ የለኝም አለ» ብለን ርዕስ ካወጣን ደግሞ ደዋዩ ያልደረሰበትን ቤት በነፃ አደረስንለት። በእኔ እምነት ዜናው መሆን ያለበት ደዋዩ ነው። ስልክ የደረሳቸውን ሰዎች ፈልጎ ስንት ጥያቄ እንደተጠየቁ፣ ዕድሜያቸውን የጠየቃቸው መኖሩን፣ ደዋዩ የድርጅቱን ስም መናገሩን አንድ በአንድ መጠየቅ። ድርጅት ከተጠራም መጠይቁንና የተደወለላቸውን ሰዎች ብዛት እንዲያሳይ መጠየቅ። ስለ ልጅቷ ሲጻፍ በማስተባበያ ሳይሆን በእውነቱ ይጀመር፤ በጉዲፈቻ ያደገች ልጅ ናት።

ጉዳቱ ደግሞ ለአንድ እጩ ብቻ አይደለም። አንዴ በጥናት ስም የተሸወደ ሰው ለእውነተኛው ጠያቂም ስልኩን ይዘጋል። በአገራችን የስልክ ጥናት ምን ያህል እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ2020 አይተናል። ኮቪድ-19 ሲገባ ቤት ለቤት መዞር ስላልተቻለ የዓለም ባንክ ከ3,000 በላይ በሚሆኑ ቤተሰቦች ዘንድ እየደወለ ሥራና ገቢያቸው፣ ምግባቸውና የልጆቻቸው ትምህርት እንዴት እንደሆነ ጠይቋል። ስልክ የሌለው ቤት በዚህ መንገድ አይገኝም፤ ይኸም በስሌት ማስተካከያ እንዲደረግለት ግድ ይላል። ያም ሆኖ ያንኑ ቤተሰብ በተለያዩ ዙሮች መልሶ መጠየቅ ተችሏል፤ ብዙዎቹም ስልኩን አንሥተው መልሰዋል።