መጋጠሚያው የማይደበቅበት ቤት

ስልቱ

በአሜሪካ «ክራፍትስማን» የሚባል የቤት አሠራር አለ፤ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። ስሙ የተስፋፋው ጉስታቭ ስቲክሊ እ.ኤ.አ. በ1901 ማሳተም በጀመረው በዚሁ ስም በሚጠራ መጽሔት ነው። ፋብሪካ ጌጡን ሁሉ በጅምላ በሚያመርትበት ዘመን፣ እንጨቱ እንጨትነቱ ይታይ፣ ወራጁ ጣሪያውን ሲሸከም ዓይን ይየው ያሉ ሰዎች ያመጡት ስልት ነው። ተዳፋቱ ገር የሆነ ጣሪያ፣ ከግድግዳ ርቆ የወጣ ክፈፍና ጥላ ያለው ሰፊ በረንዳ መለያዎቹ ናቸው።

ሠሪዎቹ

ከእነዚህ ቤቶች ሁሉ ለማስተማር የምመርጠው በፓሳዴና፣ ካሊፎርኒያ፣ በ1908 የተሠራውን የጋምብል ቤት ነው። ባለቤቶቹ ዴቪድና ሜሪ ጋምብል በሳሙናው ድርጅት በፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የታወቀው ቤተሰብ አባላት ነበሩ።

ንድፉን ያወጡት ወንድማማቾቹ ቻርልስና ሄንሪ ግሪን ናቸው። በሴንት ሉዊስ በተማሩበት ትምህርት ቤት የእንጨትና የብረት ሥራ ከቀለም ትምህርቱ ጋር ይሰጥ ስለነበር፣ ንድፍ ከማውጣታቸው በፊት እጃቸው መጋዝ ለምዷል። ሥራውን የተረከቡት ደግሞ ስዊድን የተወለዱት ፒተርና ጆን ሆል ናቸው። ፒተር ቤቱን አቆመ፤ ጆን የውስጡን እንጨትና የቤት ዕቃውን ሠራ። የአርክቴክቶቹ ስም ብቻ ሲነሳ ቅር ይለኛል፤ ወረቀት ላይ ያለ መስመር ያለ እነዚህ አናጢዎች እጅ ደረጃ አይሆንም ነበርና።

ጠጋ ብለን ስናይ

ከመግቢያው የሚነሳው ደረጃ የቲክ እንጨት ነው። ጣውላዎቹ ጫፍ ለጫፍ እንደ ተቆላለፉ ጣቶች ይነካከሳሉ፤ ጠርዛቸው ሁሉ ተሞርዶ ለስልሷል። በቤት ዕቃዎቹ ላይ ደግሞ ትንንሽ አራት ማዕዘን የዞጲ ውታፎች ጥቁር ነጥብ መስለው ይታያሉ። ከሥራቸው ብሎን አለ።

«ታዲያ ይህ መደበቅ አይደለም?» የሚል ተማሪ ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሰፊ ገበታ ጫፉ ላይ አግድም ጣውላ ሲገጠምለት፣ ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ይበሳል፤ ገበታው ሲሰፋና ሲጠብ ብሎኑ አብሮ ይላወሳል፣ እንጨቱም አይሰነጠቅም። ውታፉ ያንን ቀዳዳ ይከድናል፤ መጋጠሚያው የት እንዳለም ለተመልካች ይጠቁማል።

ነጭ ቀለም

ቤተሰቡ በኋላ ቤቱን ሊሸጠው አስቦ ነበር። ሊገዙ የመጡ ሰዎች የውስጡን እንጨት ነጭ ቀለም ስለመቀባት ሲያወሩ ተሰማና ሽያጩ ቀረ። በ1966 ቤቱ ለፓሳዴና ከተማ ተሰጠ፤ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም በስምምነቱ ገባበት። ዛሬ ጎብኚ ገብቶ ያንን ቡናማ ደረጃ ያየዋል።